በእርሳስ የተጻፈ የአባት ስም

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አያት ስፈልግ ኖሬ ባለፈው ጥቅምት ጡረታ ወጣሁ። ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ ሁሉ እንዲህ ብዬ ስመልስ ይስቅብኛል። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናትማ፣ «ደግሞ የፈረንጅ አያት ይጠፋል እንዴ? ሁሉን ጽፈው አስቀምጠው የለ!» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጽፈው አስቀምጠዋል። ግን የዌልስ ሰዎች እንደኛው ናቸው። በድሮው ዘመን ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ይወጣል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። ዛሬ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለ ሰው የአባቱን አያት በራሱ ስም ሲፈልግ እንዴት ያግኘው? እሱን ፍለጋ ነበር የኔ ሥራ።

መሥሪያ ቤታችን ዳውንታውን ነበር፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ሕንፃዎች መሀል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ያኔ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ባሌ ተፈራ ታክሲ ይነዳል፣ ልጃችን ሳራ ትማራለች፣ እኔ ጽዳት እሠራ ነበር። ወረቀት ስካን የሚያደርግ ሰው ይፈለጋል ሲባል አመለከትኩ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም፣ እኔን የማረከኝ ወንበሩ ነው። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ! ስለ ወላጆቼ የሚጠይቅ ፎርም ሞላሁ፣ አለቃዬ አየት አድርገው ወደ መሳቢያ ከተቱት።

አለቃዬ ሚስ ዊኒ ይባሉ ነበር። አያቶቻቸው ከዌልስ የመጡ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ሲቆጡ አንገታቸው የሚቀላ ሴትዮ። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ፎልደር ይዘው መጡ፣ አንገታቸው ቲማቲም መስሏል።

«ይህን የቀላቀለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የኢቫን ጆንስ፣ የጆን ኢቫንስ፣ የሪስ ጆንስ ወረቀት አንድ ላይ! የሦስት ቤተሰብ ወረቀት እኮ ነው!»

አፌ ግን አያርፍም። «አንድ ቤተሰብ ናቸው» አልኳቸው። «ጆን ኢቫንን ወለደ፣ ኢቫን የጆን ተባለ። ኢቫን ጆንን ወለደ፣ ጆን የኢቫን ተባለ። እሱ ደግሞ ሪስን ወለደ። መንደራቸውን ይዩት፣ አንድ እርሻ ነው። እኛስ ቤት? ባሌ ተፈራ አበበ፣ ልጄ ሳራ ተፈራ፣ እኔ ጽጌ በየነ። ሦስት ዓይነት ስም ይዘን አንድ ማዕድ ላይ ነው ራት የምንበላው።»

ሚስ ዊኒ ቆመው ወረቀቶቹን አገላበጡ። «የኢቫን ሚስትስ? ለምን የባሏ ስም የላትም?» አሉ፣ እየፈተኑኝ እንደሆነ አሁን ነው የሚገባኝ።

«የራሷን አባት ስም ይዛ ነዋ። ሴት ባል አገባሁ ብላ አባቷን ትጥላለች እንዴ?»

ሳቁ። ዲግሪ ለያዙ ሰዎች ይህን ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደለፉ ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስካነሩን ለሌላ ሰጥተው እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

እሳቸው ብዕር አይነኩም። ኮምፒውተር እያለ፣ ለእያንዳንዱ ሟች አንዳንድ ካርድ አውጥተው በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ከግርጌው አንድ መስመር ባዶ ይተዋሉ። «ይቺ ለማላውቀው ነገር ናት» ይላሉ። መዝገብ ሲያነቡ ከስሙ አይጀምሩም። ለክርስትናው ማን ቆመ? ለጋብቻው ማን ፈረመ? ጎረቤቱ ማን ነው? የእርሻው ስም ምን ይባላል? ስም ይለዋወጣል፣ ጎረቤት ግን እንደዋዛ አይለወጥም። ደንበኛ ቤት ስንሄድም ወረቀት ከመጠየቃቸው በፊት ግድግዳውን፣ መሳቢያውን፣ የተሰቀለውን ሁሉ ያያሉ። «ወረቀት ሰውየውን በማያውቅ ጸሐፊ ይጻፋል። ዕቃ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው» ይሉኝ ነበር። ደንበኛው ዝም ካለ እሳቸውም ዝም ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፣ ጥያቄ ልጨምር ስል ጉልበቴን በእርሳሳቸው ነካ ያደርጉኛል። «ጠይቀሽ የምታገኚው መልስ ነው፣ ጠብቀሽ የምታገኚው እውነቱን ነው» አሉኝ አንዴ፣ ከወጣን በኋላ።

ክረምት ሲሆን ምሳ ሰዓት ላይ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በሚያሻግረው በፕላስ ፊፍቲን መተላለፊያ ካፖርት ሳንለብስ እንሄዳለን። ከታች የከተማው ባቡር፣ ሲ-ትሬኑ፣ በበረዶ ያልፋል። እሳቸው ሻይ በቴርሞስ ይዘው ይፈትኑኛል።

«ፕራይስ?»

«የሪስ ልጅ።»

«ፓወል?»

«የሃውል ልጅ።»

«ቦወን?»

«የኦወን ልጅ። ቀላል ነው እኮ፣ ከበድ ያለ ይጠይቁኝ።»

ኩራት እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በአሥረኛው ዓመት በቢሮው የዌልስ ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ መዞር ጀመረ፣ ሚስ ዊኒም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጡት። ሚስተር ኤድዋርድስ የመጡብኝ ያኔ ነው።

ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ሆነው የኖሩ፣ መዳፋቸው ሰፊ፣ ልባቸው ግን የደከመ። ከልጃቸው ከሄለን ጋር ነው የሚኖሩት። የአባታቸው አያት ሮበርት ኤድዋርድስ ከዌልስ መጥቶ አልበርታ ውስጥ ከሰል ቆፍሮ ሞተ። የሮበርት አባት ማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። «ሐኪሜ በዚህ በጋ ካልበረርክ ሌላ በጋ አትጠብቅ ብሎኛል» አሉኝ። «ሮበርትን የወለደው ሰው መቃብር ላይ ቆሜ፣ ጠፍተን አልቀረንም፣ አለን ልበለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቤታቸው ስሄድ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዛገ የበግ ጠጉር መሸለቻ መቀስ አሳዩኝ። «ሮበርት ከዌልስ ሲመጣ በሻንጣው ይዞት የመጣው ይህን ብቻ ነው። ከሰል ቆፋሪ በዚህ ምን ይሠራበታል?» አሉና ሳቁ። እኔም «ደስ ይላል» አልኩና ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ካርዱ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

በመዝገቡ ውስጥ፣ በዚያው ደብር፣ በዚያው ዓመት ሁለት ሮበርት ተጠምቀዋል። አንዱ የኤድዋርድ ሞሪስ ልጅ፣ ሌላው የዊልያም ቶማስ ልጅ። በደንቡ የመጀመሪያው ሮበርት ኤድዋርድስ ይሆናል፣ ሁለተኛው ሮበርት ዊልያምስ። አለቀ! ሚስ ዊኒ ሪፖርቱን አነበቡት።

«ይሄ ሁለተኛው ልጅ የት ደረሰ?»

«ዊልያምስ ሆኖ ሄዷላ።»

«አይተሻል?»

«ደንቡ እኮ ነው፣ ሚስ ዊኒ። ሰውየው ደግሞ ሊበሩ ነው፣ ቲኬት ተቆርጧል።»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፣ መልሰው ሰኩት። እኔም ፈረምኩ፣ በብዕር።

ሚስተር ኤድዋርድስ በሐምሌ ሄዱ። በዎከር እየተደገፉ፣ በዝናብ፣ ከኤድዋርድ ሞሪስ መቃብር ላይ ቆሙ። ከካልጋሪው ከቦው ወንዝ ያነሱትን ጠጠር አኖሩበት። ሄለን ያነሳቻቸው ፎቶ አለ፦ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ያን ሰፊ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ሲመለሱ ቢሮ ድረስ መጥተው አቀፉኝ። ፎቶውን ፍሪጃቸው ላይ ለጠፉት።

በዚያው ክረምት፣ ለሌላ ደንበኛ ብዬ፣ አዲስ የወጡ የድሮ ኑዛዜዎች ሳነብ አንዱ ላይ ደረስኩ። ኤድዋርድ የሚባል የበግ እረኛ ነው፣ ሽማግሌ፣ ከዚያው ደብር፣ ግን ኤድዋርድ ሞሪስ ያልሆነ ሌላ ኤድዋርድ። «ለልጄ ለሜሪ ልጅ፣ አባቱ ዊልያም ቶማስ ጥሎት ስለሄደ በቤቴ ላሳደግኩትና በስሜ ለሚጠራው ለሮበርት፣ የመሸለቻ መቀሴን» ይላል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። መቀሱ ግድግዳው ላይ ነበር። በእጄ ነክቼዋለሁ።

ይህን ሌላ ሰው ቢስተው ይቅር ይባላል። እኔ ግን «በስሜ ለሚጠራው» የሚለውን ሳነብ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ስድስት ዓመቴ ነው፣ እጄን አያቴ ይዘውኛል። መዝጋቢው «የአባት ስም?» አላቸው። አያቴ ሳያመነቱ «በየነ ብለህ ጻፍ» አሉት፣ በየነ ራሳቸው ናቸው። እኔ የሴት ልጃቸው የአሰለፈች ልጅ ነኝ። እናቴን እትዬ እያልኩ፣ አያቴን አባባ እያልኩ አደግኩ። እኛ አገር ስንቱ ልጅ ነው እንዲህ የሚመዘገብ! ሰዉ ያውቃል፣ ዝም ይላል፣ ይኖራል።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንዴ ብቻ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ፣ እጁን ራሴ ላይ አደረገ፣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አባባ ወጡና በጨዋ ደንብ «ልጅቷ አባት አላት» አሉት። ሄደ። እስከዛሬ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ጭሱን ሲለቅብኝ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ግን ቆሜ እስበዋለሁ። ይናፍቀኛል፣ ምን ልበል? ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሰው አባት ሳማስል ነው የኖርኩት።

ኑዛዜውን ለሚስ ዊኒ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ባይነገራቸውስ?» አልኩ። «ደስ ብሏቸዋል። ልባቸውም ደካማ ነው። ፎቶው ፍሪጃቸው ላይ...»

«ጽጌ፣ ሰውየው ደስ ይበለኝ ብለው አይደለም የመጡት። የሮበርትን አባት ስጡኝ ነው ያሉት።»

«እርስዎ ይንገሯቸው።»

«የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፣ ካፖርቴን አንስተው እየሰጡኝ።

ቤታቸው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ገባሁና ነገርኳቸው። መቀሱን ከግድግዳው አውርጄ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ኑዛዜውን አነበብኩላቸው። ሚስተር ኤድዋርድስ መቀሱን ያገላብጣሉ፣ አንዴ ወደ ፍሪጁ ያያሉ።

«የሰው አያት ላይ ነው ያለቀስኩት» አሉ።

«አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንቺ እኮ፣ የኛም ስም እንደዚሁ ነው፣ አይጠፋኝም ብለሽኝ ነበር። እንዴት ይሄ ጠፋሽ?»

ያኔ ስለ ራሴ ነገርኳቸው። ስለ መዝጋቢው፣ ስለ አባባ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለፈረንጅ፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ቢሆን አፌ እሺ የሚል አይመስለኝም። ሰምተው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ታውቂው ነበር።»

«አውቀው ነበር» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚያም ነገር በሥራ ዘመኔ አልተባልኩም።

ቢያባርሩኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን መቀሱን ከፍተው ዘጉት፣ ሲጢጥ አለ። «መቀሱን የሰጠው ሽማግሌ የኔ ነው» አሉ። «ግን ያንን ዊልያምን ፈልጊልኝ። ጥሎ ይሂድም አይሂድ፣ ያለ እሱ እኔ የለሁም።» ቀጥለውም «የአንቺስ አባት? ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ አልወጣም። ጠበቁኝ። ልክ እንደ ሚስ ዊኒ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

«ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ» አልኩ።

ዊልያም ቶማስን ለማግኘት ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ሮበርት በተጠመቀ በአምስተኛው ወር፣ ተራራ ማዶ ባለ ደብር፣ ድንጋይ ሲፈልጥ ናዳ ተጭኖት ተቀብሯል። ጥሎ የሄደ የተባለው ሰው እንጀራ ፍለጋ ሄዶ ይሁን፣ ሊቀር አስቦ ይሁን፣ መዝገቡ አይናገርም። ይዤው ልሄድ ስደውል ሄለን ናት ያነሳችው። «አባቴ ትናንት አረፈ» አለችኝ። የሁለት አባት ወሬ ይዤላቸው ነበር፣ የሳቸውንም የኔንም። ሁለቱንም ሳይሰሙ ሄዱ።

ሄለን በበጋው ሦስት ጠጠር ይዛ ሄደች። አንዱን ለሽማግሌው ኤድዋርድ፣ አንዱን ለዊልያም። ሦስተኛው ለማን ነው ስላት፣ «አባቴ ላለቀሰለት ለመጀመሪያው ሰውዬ ነዋ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሰላም ሳልለው ልለፍ?» አለችኝ። እኔን ግን አልወቀሰችኝም፣ ብትወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተለወጠ። ሰው ለዲኤንኤ ምርመራ በብልቃጥ ምራቁን ይልካል፣ ዘመዶቹ በስልኩ ይመጡለታል። እውነቱን ለመናገር፣ ምራቅ ቢሆን ኖሮ ያን ስህተት አይሠራም ነበር፣ አልጣላውም። ግን ምራቅ መቀሱን ማን እንደሰጠ አያውቅም። ሚስ ዊኒ ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። ይናፍቁኛል። ዛሬም ፕላስ ፊፍቲን ላይ ሳልፍ፣ ፓወል የሚል የስም ሰሌዳ ሳይ፣ የሃውል ልጅ እላለሁ ለብቻዬ፣ ሰው እንደ እብድ ያየኛል።

በመጨረሻው ቀኔ የካርዶቹን መሳቢያዎች ባዶ እንዳደርግ ታዘዝኩ፣ ማንም አልፈለጋቸውም። የሟቾቹን ካርድ በሳጥን በሳጥን ሳስገባ፣ በየነ የሚለው ስም በሚገባበት ፊደል ላይ አንድ ካርድ ወጣ። የሚስ ዊኒ ጽሕፈት ነው፣ በእርሳስ። ቀኑ እኔ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ወር ነው።

«ጽጌ በየነ። በፎርሙ ላይ እናት፦ አሰለፈች በየነ። አባት፦ በየነ። ጽጌ ዛሬ እንዳስተማረችኝ፣ በአገራቸው ሴት ባል አግብታ የአባቷን ስም አትጥልም። እንግዲህ በየነ የእናትየዋ አባት ነው። የጽጌስ አባት? አትጠይቂ። ጠብቂ።»

ከግርጌው ባዶ መስመር አለ።

አይ ሚስ ዊኒ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ መተላለፊያ ሻይ እየጠጡ ስለ ፕራይስና ስለ ፓወል ሲፈትኑኝ፣ የኔን ያውቁት ኖሯል። እዚያው ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ከመሳቢያው ጥግ ከቀሩት እርሳሶች አንዱን አነሳሁ፣ ባዶው መስመር ላይም ጻፍኩ።

ሳራ ልትወስደኝ መጥታ ታች ትጠብቀኛለች። አሁን ሬድስቶን ነው ቤቷ፣ እኔም ከሷው ጋር ነኝ። መኪናው ውስጥ ካርዱን አየችው።

«ማሚ፣ ምንድን ነው የጻፍሽው? አማርኛ ሪድ እንደማላደርግ ታውቂያለሽ።»

«ደሳለኝ ነው የሚለው።»

«ሁ ኢዝ ደሳለኝ?»

«አባቴ።»

መኪናውን ልታስነሳ የነበረ እጇን መለሰችው። ዞራ አየችኝ። «ግን አባባ በየነ...?»

«አባባ ያሳደጉኝ ናቸው። አባቴ ደሳለኝ ነው።»

ሳራ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው አልከበደኝም። ቀስ ብላ፣ አፏ እየተደናቀፈ፣ «ደ-ሳ-ለኝ» አለች። «ማሚ፣ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም እኮ።»

«እኔም አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም» አልኳት።